ስለዚያ አጥር የሌለው ጫካ

ታዴዬ፣

«እንዴት ነህ?» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን መልሱን አውቀዋለሁ። በሕይወት እያለህም ለዚህ ጥያቄ የነበረህ መልስ «ደህና ነኝ» ብቻ ነበር። ዓይንህ ቢጫ ሆኖ፣ እግርህ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎህ እንኳ ደህና ነበርክ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ መጀመሪያ ድርቆሹ ይከመር አልክ፣ ከዚያ ላሟ ትውለድ አልክ፣ ከዚያ ዝናቡ ያባራ አልክ። ዝናቡ ሳያባራ ሄድክ። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላን ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ፤ ተናድጄብህ ነው። ንዴቱ አሁንም አልወጣልኝም፤ ግን የሚሰማኝ ሰው ጠፋና ወደ አንተው መጣሁ።

ከቤት ልጀምርልህ። ልጃችን ሲፈን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ በቁመት ጥላኝ ሄዳለች። ስትናደድ ግንባሯን የምታኮማትረው ልክ እንዳንተ ስለሆነ፣ ልቆጣት ብዬ ፊቷን ሳይ ቁጣዬ ይጠፋብኛል። የጓሮው ግድግዳ በክረምቱ ረግፎ እኔው ጭቃ አቡክቼ ለጠፍኩት፤ ሆድ አውጥቷል፣ ብታየው ለሳምንት መሳቂያህ እሆን ነበር። ቀይዋ ላም አለች፣ ወተቷ ቀንሷል። ከአንተ በኋላ ማንም ሲያልባት ዝም ብላ አትቆምም፤ እሷንም ያስለመድካት አጉል ማባበል ነበረህ።

ውጪው ግን አንተ የምታውቀው አይደለም። ልትሞት ሰሞን ተማሪዎቹ አዲስ አበባን ወደኛ መሬት ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን መጮህ ሲጀምሩ «ይሄ ነገር ዞሮ ዞሮ እኛ ላይ ነው የሚያርፈው» ብለህ ነበር። አረፈ። ከኅዳር ጀምሮ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ ነው። ታክሲ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይቆማል። ሰበታ ተዘጋ ሲባል ቡራዩ ይከተላል፣ ቡራዩ ተከፈተ ሲባል እኛ ጋ ይዘጋል። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ወታደር ቆሞ ስለነበር ሲፈንን ቤት አስቀረኋት። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ብለው በሬዲዮ ተናገሩ። እልል ያለ ሰው አልሰማሁም። የሞተው አልተነሣም፣ የታሰረው ሁሉ አልተፈታም፤ ሰው ሬዲዮውን ዘግቶ ወደ ሥራው ሄደ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ወንድምህ ግርማ አያናግረኝም። ሽማግሌው ኦቦ ለሚ ሰላምታዬን የሚመልሱት በአንገታቸው ብቻ ነው። አንተን አግብቼ ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ ስመጣ ጨፌው ላይ እግሬ ሲሰምጥ የሳቁብኝ፣ በኋላም አውጥተው እግሬን ያጠቡልኝ ሰዎች፣ ዛሬ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ያንተ ቤት ከነሱ ጋር ይቆጠር አይቆጠር አጠራጣሪ ሆኗል። ይህ ሁሉ የመጣው ኖርዌይ ደርሼ በመምጣቴ ነው። አዎ፣ ኖርዌይ። እኔ ብርቄ፣ ከቢሾፍቱ አልፌ የማላውቀው።

ሙት ዓመትህን አውጥተን፣ ጥቁሬን ባወለቅኩ በሳምንቱ መሥሪያ ቤት ጠሩኝና ለልምድ ልውውጥ ትሄጃለሽ አሉኝ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉ ከተሞች ሰው ተውጣጥቶ ኦስሎ የምትባለውን ዋና ከተማቸውን ልናይ ነው፤ ከተማዋ ከነጫካዋ እንዴት እንደምትኖር። እኔ የተመረጥኩት የአረንጓዴ ቦታ ሥራ ላይ ስላለሁና ኦሮምኛም አማርኛም ስለምናገር ነው አሉ። ኦሮምኛውን ማን እንዳስተማረኝ ታውቃለህ። ላሞቹን እያለብን «ድገሚው፣ አሁንም ድገሚው» እያልክ ያደከምከኝ ጊዜ አንድ ቀን አውሮፕላን ያሳፍራታል ብለህ እንዳላሰብክ ግልጽ ነው። ግርማ የሰማ ቀን «ጥሩ ነው» ብቻ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ የነበረው ልጁ ያኔ ከታሰረ ወራት አልፎት ነበር። ያ «ጥሩ ነው» ጥሩ እንዳልነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ኦስሎ ከፊቷ ባሕር፣ ከኋላዋ ተራራ ናት። ነሐሴ ነበር፤ የነሱ ነሐሴ በጋ ነው፣ ቢሆንም በማለዳ እንደኛ ይበርዳል። በሁለተኛው ቀን ሆቴላችን አጠገብ ባቡር ተሳፈርን። ከመሬት በታች ሄደና ወደ ብርሃን ወጣ፣ ከዚያ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ወጣ፣ ወጣ፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ስንወርድ ጫካ ውስጥ ነን። ከፒያሳ ተነሥተህ እንጦጦን አቋርጠህ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ዱብ እንደማለት ነው። እንዳየሁት እኛ ሰፈር መሰለኝ። ዛፉ ሌላ ነው፣ ሰዉ ሌላ ነው፤ ግን ከተማና ሣር እንዲያ ተጠጋግተው ያየሁት እኛ ጋ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ላጫውትህ። ባቡሩ ውስጥ ቀና ብሎ የሚያይህ ሰው የለም። አጠገብህ ይቀመጣል፣ እንደሌለህ ይቆጥርሃል። ያው ሰው ጫካው ውስጥ ሲያገኝህ ግን ፈገግ ብሎ ሰላም ይልሃል። አሮጊት፣ ጎረምሳ፣ ልጅ ያዘለ አባት፣ ሁሉም። አንተ ደግሞ ከሜዳው ማዶ «አካም ጅርታ!» ብለህ ካልጮህክ ቀንህ የማይጀምርልህ ሰው ነህ። እዚያ ብትሆን ሰላምታ ስታበዛ ምሽት ላይ እንኳ አንመለስም ነበር። ደወል ያንጠለጠሉ ላሞችም አየሁ፤ ጠባቂ የላቸውም። ጡታቸውን ባንተ ዓይን መዘንኩት፤ የኛዋ ቀይ በደህና ዘመኗ አታንስም ነበር።

የቡድናችን መሪ ሹል ጫማ አድርጎ ነበር የመጣው። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ፣ ሁለቴም ዙሪያውን አየና ማንም እንዳላየው ሆነን ጠበቅነው። አስጎብኚያችን ፀጉሯ ሽበት የጀመረው ረጅም ሴት ነበረች። መሪው ገና ከባቡሩ እንደወረድን «አጥሩ የት ነው?» ብሎ ጠየቃት። አጥር የለም አለችው። «በሩስ? ሰው በየት ነው የሚገባው?» አላት። በፈለገበት አለችው። መግቢያ ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠየቀ፤ ምንም አለችው። ይሄኔ ወደ እኛ ዞረና በአማርኛ «የገቢያቸውን ምሥጢር አይነግሩንም፣ ፈረንጅ እንዲህ ነው» አለን። ሴትዮዋ አንገቷን አዘንብላ ትርጉሙን ትጠብቃለች። ምን ብዬ ልተርጉምላት? አየሩ ተስማምቶታል አልኳት።

እኔም ብሆን ከሱ የተሻልኩ አይደለሁም። መንገዱ ዳር አጋም የመሰለ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ሞልቷል፤ ቁጥቋጦው ከጉልበት በታች ነው፣ እሾህ የለውም። ሴትዮዋ እየቀጠፈች ትበላለች፣ ብሉ ትለናለች። እኔ ቆሜ ባለቤቱን እፈልጋለሁ። የሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ ሳይጠይቁ መልቀም! አንተ እኮ የሰው ድንበር ላይ የወደቀ ጭራሮ እንኳ ሳትጠይቅ የማታነሣ ሰው ነበርክ፤ እኔንም እንደዚያው አደረግከኝ። ማንን ላስፈቅድ ብዬ ጠየቅኳት። ጥያቄው መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀችና ነገረችኝ፦ ጫካው ከፊሉ የከተማው ነው፣ ከፊሉ የግል ነው፤ ባለቤቱ እንጨቱን ይቆርጣል፣ ይሸጣል፣ ሰው ግን በየትም ማለፍና ፍሬውን መልቀም መብቱ ነው። ከተማዋም የምትቆምበት ወሰን በሕግ ተሠምሯል፤ ከዚያ አልፋ ቤት አትሠራም። ሰው ሲበዛስ አልኳት። ወደ ውስጥ እንጠጋጋለን አለችኝ።

በላሁ። አፌና ጣቴ እንደ ልጅ ጠቆረ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጓደኞቼ ብርዱ ነው፣ ናፍቆት ነው አሉ፤ አንዷ ሹራቧን አለበሰችኝ። ብርድም ናፍቆትም አልነበረም። ንዴት ነበር። ይቻላል ማለት ነዋ! አንድ ዋና ከተማ እዚህ ጋ ይበቃኛል ብሎ መቆም ይችላል ማለት ነው። እኛ ሰፈር ሰው የሚሞትበት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት እየተለቀመ የሚታሰርበት ነገር፣ እዚያ ተወስኖ፣ ተረስቶ፣ ሰው በላዩ ውሻውን ያንሸራሽርበታል። በዚያ ላይ ደግሞ አንተ የለህም። ያን ጊዜ ካንተ ጋር መጨቃጨቅ እንዴት እንዳማረኝ! አንተ «የነሱ አገር ሰፊ ነው፣ ሰዉ ጥቂት ነው» ትላለህ፣ እኔ «ሰበብ አትደርድር» እላለሁ፣ እስከ ቤት እንከራከራለን። ማንም እንዳንተ አድርጎ አይከራከረኝም።

ተመልሰን መጣን። የቡድኑ መሪ ከዚያ ሁሉ ጫካ ይዞት የመጣው ሐሳብ አጥር ነው። ጨፌው ዙሪያውን ታጥሮ፣ በር ተበጅቶለት መዝናኛ ፓርክ ይሆናል፣ የቀረው ሜዳ ለባለሀብት ይሰጣል፤ ኦስሎም የለማችው እንዲሁ ነው ሊባል ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ነዋሪው ለውይይት ሲጠራ ይህን እኔ እንድናገር ፈለጉ። «አንቺ የሰፈሩ ምራት ነሽ፣ ያምኑሻል» አለኝ መሪው። እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት ሌላ ነገር ልናገር ቆርጬ ነው።

ድንኳን ተተክሎ ነበር። ተነሣሁና በኦሮምኛህ ያየሁትን ተናገርኩ። አጥር የለም አልኩ። በር የለም አልኩ። ከተማው ወሰን አለው፣ ከዚያ አያልፍም፤ ባለመሬቱ መሬቱ ላይ ነው፣ ጫካው ጫካ ነው፣ ከብቱም ይግጣል አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ነበር ታዴ። ልክ እንዳበቃሁ ሰዉ ብድግ ብሎ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ቤት ገብቼ ለፎቶህ ልነግረው ሁሉ አስቤ ነበር።

 የተነሡት ኦቦ ለሚ ብቻ ናቸው፤ በከዘራቸው ተደግፈው ጥያቄ አለኝ አሉ። «ልጄ፣ እዚያ አገር ማን ወሰደሽ?» አሉኝ። መሥሪያ ቤቴ አልኩ። «የአውሮፕላኑንስ ማን ከፈለልሽ?» እሱም መሥሪያ ቤቴ ነው። «እዚያ ከተማው ሜዳውን አይነካም፣ አትፍሩ ነው የምትይን?» አሉ። አይደለም፣ እንዲህም ይቻላል ነው የምለው አልኩ። «የሚመጣብን ከተማ እኮ አንቺ የተወለድሽበት ነው» ብለው ተቀመጡ። ግርማ ከኋላ ሆኖ፣ ሳይቆጣ፣ በቀስታ «የኔ ልጅ እስር ቤት ነው፣ አንቺ ጫካ ትንሸራሸሪያለሽ» አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ምን እንደሆነ ገባህ? የተናገርኩት እውነት ለነሱ ማባበያ ሆነ። ከተማ መጥቶ ሣሩን ሳይነካ ይኖራል ብላ እንድትነግረን ፈረንጅ አገር ልከው አምጥተዋታል ብለው አመኑ። እኔ የከተማውን እጅ ይዤ ላስቆም የተናገርኩት፣ ለከተማው ማስታወቂያ ሆኖ ቀረ። መሪው ደግሞ በማግስቱ ቢሮው ጠርቶ «ሕዝቡን ልታነሣሺብን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሥራዬን ነጥቀው አንድ ጥግ ላይ ወንበር ሰጥተውኛል፤ ግድግዳ አይቼ እመለሳለሁ። ሁለት ወገን በአንድ ንግግር ጠላኝ። እንዲህ ያለ ችሎታ እንዳለኝ አንተም አታውቅም ነበር።

እነሱ ላይ ልፍረድ ብዬ እጀምርና ያቅተኛል። ስንት ሰው ነው መጥቶ ለጥቅማችሁ ነው ያላቸው? ለፋብሪካው ሲመጡ ለጥቅማችሁ ነው ተባለ፣ ለአበባ እርሻው ሲመጡ እንደዚያው ተባለ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አላምነኝም። ግን እኔ ሌላ ሰው ነኝ ወይ? አሥራ አምስት ዓመት አብሬያቸው ቀብሬያለሁ፣ አብሬያቸው ድሬያለሁ። አንተ ስትሞት አብሮ የሚሞት ዝምድና ከሆነ ለምን አልነገርከኝም?

ከዚያ ኅዳር መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ጨፌውም ለአጨዳ ደረሰ። ክረምቱን ሙሉ ከብት ሳይገባበት ተጠብቆ፣ ውኃው ሲጎድልና ሣሩ ሲበስል ኦቦ ለሚ መርቀው በገመድ እየለኩ ድርሻውን ያድላሉ። አባወራውን በስሙ ይጠሩታል፣ ከዚያ ቤት ያለ ሰው «ጅርራ» ብሎ ይመልሳል፤ አለን ማለቱ ነው፤ ገመዱም ይዘረጋለታል። አባወራው ቢሞትም የሚጠራው በሱ ስም ነው። መልስ ያልተሰማለት ቤት ግን ድርሻው ለቀጣዩ ያልፋል። አንተ ከሞትክ በኋላ በነበረው አጨዳ ስምህ ሲጠራ የመለሰው ግርማ ነበር፤ አጭዶም ከምሮልኛል።

ዘንድሮ ቀኑን የነገረኝ የለም። ጠዋት ሲፈን ከውጭ ገብታ «እማ፣ ሰው ሁሉ ማጭድ ይዞ እየወረደ ነው» አለችኝ። ቦቲ ጫማ አጥልቄ ሮጥኩ። ስደርስ ተጀምሯል። ዳር ቆምኩ፤ ማንም ነይም ሂጂም አላለኝም። ኦቦ ለሚ እየጠሩ፣ ሰዉ እየመለሰ፣ ገመዱ እየተዘረጋ መጣ። የግርማ ስም ተጠራ፤ መለሰ። ከሱ ቀጥሎ ሁልጊዜ የኛ ነው፤ ወንድማማች ጎን ለጎን ነው የሚያጭደው። ኦቦ ለሚ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ የሌላ ሰው ስም ጠሩ። ዘለሉህ ታዴ። እዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ አንተ ጎርፍ የቦደሰውን በክንድህ የደለደልክበት ሜዳ ላይ ዘለሉህ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል።

«ጅርራ!» አልኩ።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። የተጠራው ሰው መልሱን አፉ ላይ ይዞ ቀረ። ኦቦ ለሚ ዞረው አዩኝና «ማን ጠራሽ?» አሉኝ። «ማንም አልጠራኝም ኦቦ» አልኳቸው። «የታደሰ ቤት ግን አለ። ልጁ አለች፣ ላሙ አለች፣ እኔም አለሁ። ካላመናችሁኝ አትመኑኝ፣ ከሱ ቤት ግን አታውጡኝ።»  ኦቦ ለሚ ወደ ግርማ ተመለከቱ። ግርማ አዎ አላለም። እምቢም አላለም። ገመዱ እጃቸው ላይ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ጎንበስ አሉና ከግርማ ቀጥሎ ዘረጉት። ስምህን ግን አልጠሩም።

ደቦው ለሁሉም አጨደ፣ ወደኛ አልመጣም። እኔና ሲፈን ብቻችንን ስናጭድ ዋልን፣ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። እጃችን ተላላጠ። ክምሩ ዘምሞ ቆሟል፤ አንተ ብታየው አፍርሰህ እንደገና ትከምረው ነበር። ግርማ እዚያው ጎናችን እያጨደ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሬዲዮው ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ካለ በኋላም አልተነፈሰም። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ደስ ላሰኝህ አልችልም፤ አልተስተካከለም። አሁንም ተናድጃለሁ፤ በነሱም፣ በመሥሪያ ቤቴም፣ ዝናቡ ያባራ ብለህ ባመለጥከኝ ባንተም።

አንድ ነገር ግን እወቅልኝ። የሚመጣው ዓመትም፣ ከሱ በኋላም፣ እግሬ እስከቻለ እዚያ ሜዳ ላይ እቆማለሁ። እኔ ባልችል ሲፈን ትቆማለች፤ አስተምሬያታለሁ። ይጥሩህ ወይም ይዝለሉህ፣ የነሱ ጉዳይ ነው። ስምህን የሚጠራው ቢጠፋ እንኳ፣ አቤት የሚልለት አይጠፋም።

ብርቄ